ያልተወለዱት የራያ ጥጆች

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት ጎብዬን መሀል ለመሀል አቋርጦ ያልፋል። በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው ማሽላ ነው። ራሱ ተቆርጦ ወደ አውድማ ሄዷል፤ አገዳው ግን ገና ሥራ ይጠብቀዋል። ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ በግመልና በአህያ ይጫናል፤ የጭነት ከብት የሌለው በትከሻው ያመላልሰዋል። ከዚያም በየግቢው ጥግ፣ ፍየል በማይደርስበት ቆጥ ወይም ዛፍ ላይ ይከመራል። እስከ በልግ ዝናብ፣ በልጉ ከቀረም እስከ ሐምሌ ድረስ ከብቱን በነፍስ የሚያቆየው ይኸው ክምር ነው። የአገሬው ሰው የጎረቤቱን ክምር በዓይኑ ለክቶ የዚያ ቤት ላሞች ለከርሞ ይወልዱ እንደሆነ ይገምታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ አይስትም።

በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ ተዘርግቷል፤ ከጀርባው አፋር ነው። በምዕራብ ወደ ግዳንና ላስታ የሚወጣው ዳገት ቆሟል። የራያ ቆላ በሁለቱ መካከል የተኛ ሜዳ ሲሆን፣ የሚያረባውም በስሙ የሚጠራውን የራያ ከብት ነው። ረጅም ቀንድ አለው፣ ሙቀት ይችላል፣ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። በሬው ደግሞ በእርሻ የተመሰከረለት ነው። ከዚህ ሜዳ የወጣ ወይፈን ወደ ደጋው ተነድቶ የወሎንና የትግራይን ገበሬ ሞፈር ሲጎትት ኖሯል። ስለዚህ የጎብዬ ላም ወለደች አልወለደች የሚለው ጥያቄ የባለቤቷ ብቻ አይደለም። እዚህ ያልተወለደ ጥጃ ከዓመታት በኋላ ደጋ ላይ ያልታረሰ ማሳ ሆኖ ይገለጣል።

ሀገራችን ከብቷን ስትቆጥር የምትቆጥረው የቆመውን ነው። ሊወለድ ሲገባ ሳይወለድ የቀረውን፣ ተወልዶም ዓመት ሳይሞላው የሞተውን ጥጃ የሚያነሳ የለም። የራያ ቆላ የከብት ታሪክ ግን ከቆመው ይልቅ በቀረው ውስጥ ነው ያለው።

በየመድረኩ የሚጠራው ቁጥር

ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ናት የሚለውን ያልሰማ የለም። በ1994 ዓ.ም. በተካሄደው የግብርና ቆጠራ የከብቱ ብዛት ከ40 ሚሊዮን ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ጥናት 70 ሚሊዮን ገደማ አድርሶታል። ጥናቱ በዋናነት የሚሸፍነው ተቀማጩን ገበሬ በመሆኑ፣ ከዞብል ማዶ ያለውን ጨምሮ ሰፊው የአርብቶ አደር መንጋ ሙሉ በሙሉ አልገባበትም። በሌላ አነጋገር እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ዕድገት ያስደስታል። ግን በዚሁ ጥናት ውስጥ ከቁጥሩ ጎን የተቀመጡ ሌሎች እውነቶችም አሉ። ከ100 ከብት 97ቱ ያህል የአገር ዘር ነው። የአገር ዘሯ ላም በቀን የምትሰጠው ወተት በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም፤ የምትታለበውም ለስድስት ወይም ለሰባት ወር ነው። መኖውን ካየን ከግማሽ በላዩ ግጦሽ ነው፤ ሲሶ ያህሉ ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ የሚቀምሰው ከብት ጥቂት ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ የበዛው ራሱ ከብቱ እንጂ ከአንዱ ከብት የሚገኘው ጥቅም አይደለም።

ጎብዬ ላይ አዛውንቶቹን የጠየቀ ሰው ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ይሰማል። በአባቶቻቸው ዘመን አንድ ቤት ብዙ ከብት ነበረው፤ በበጋ ወጣቶቹ መንጋውን ይዘው ወደ ዞብልና ወደ አፋር ጠርዝ ይወርዱ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥንድ በሬ፣ አንዲት ላምና አንድ ጥጃ ያለው ሰው ደህና ያለው ነው ይላሉ። የሀገሩ መንጋ በዛ፣ የቤቱ መንጋ አነሰ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ቤተሰቡ በዝቷልና። አባት መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ከብቱንም ያካፍላል። አዲስ ጎጆ የወጣ ሁሉ ቢያንስ አንድ በሬ ይሻል፣ ያ ካልሞላለት ባለ አንድ በሬ ጎረቤቱን አግኝቶ መቀናጆ ይገባል። ግጦሹ ግን ታርሷል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ያስቆፈራቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ለብዙ ቤት እንጀራ ሆነዋል፤ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ግን ለከብት የሚተርፈው ትንሽ ነው። በቀረው ዳር ዳር ላይ ፓርቲኒየም የሚባለው መጤ አረም ሰፍሯል። ከብት ወዶ አይበላውም፤ ርሃብ አስገድዷት የበላችው ላም ወተቷ ይመራል።

«የሀገሩ መንጋ በዛ፣ የቤቱ መንጋ አነሰ። ሁለቱም እውነት ነው።»

አንዲት ላም በዕድሜዋ

የአገራችን ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው አራት ዓመት ሲሞላት ወይም ካለፋት በኋላ ነው። ከዚያም በሁለት ዓመት አንዴ ትወልዳለች፤ ዓመቱ ከከፋ ከዚያም ይርቃል። ባለቤቷ እስከ አሥር ዓመቷ ቢያቆያት አራት ጥጃ ወለደች ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ በተቅማጥ ወይም በሳል ዓመት ሳይሞላው ይሞታል እንበል፤ ይህ በብዙ ቤት የሚሆን ነገር ነው። ከቀሩት ሦስት ውስጥ ሴቷ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ናት። አንዷ እናቷን ትተካለች። መንጋው ከፍ የሚለው በሁለተኛዋ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ወይም ሠርግና ልቅሶ ሲደርስ ተነድታ ገበያ የምትወጣውም እሷው ናት።

የላሟ ማሕፀን ሁለት ዓመት አይጠይቅም። የእርግዝናው ጊዜ ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን ነው። ከወለደች በኋላ በሁለት በሦስት ወር እንደገና ኮርማ ብትፈልግና ብትይዝ በዓመት አንዴ መውለድ ትችላለች። የሚከለክላት ሆዷ ነው። በሐምሌ የወለደች ላም ወተቷን ከገላዋ ቀድታ ትሰጣለች። ሥጋዋ ካልተመለሰ ደግሞ ድራቷ አይመጣም፤ ተፈጥሮ ራሷን መቻል ያቃታትን እናት ሌላ ነፍስ አታሸክማትም። ራያ ላይ ብዙዎቹ ላሞች ኮርማ የሚፈልጉት ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ በበሰለበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። ያ ጊዜ ሳይሳካ ካለፈ፣ ያቺ ላም በጋውን አገዳ እየበላች ከስታ ትከርማለች፤ የሚቀጥለው ዕድልም ሌላ ክረምት ይጠብቃል። አንድ ዓመት የሚጠፋው እንዲህ ነው። ላሟ አልታመመችም፣ መሲናም አይደለች፤ የጠፋው ጥጃም በየትኛውም የኪሳራ መዝገብ አይገባም።

ይህችው ላም በሦስት ዓመቷ ብትጀምርና በየአሥራ አራት ወሩ ብትወልድ እስከ አሥር ዓመቷ ሰባት ጥጃ ታመጣ ነበር። በአራትና በሰባት መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው መኖ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አጭሩ ማሽላ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላገናኘው አንድ ጉዳይ አለ። የአካባቢው ነባር ማሽላ፣ እነ ደጋሊትና ጅጉርቲ፣ ረጅም ነው። በሚያዝያና በግንቦት በበልጉ እርጥበት ይዘራል፣ እስከ ኅዳር ማሳ ላይ ይቆያል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከብት ያበላል። ችግኙ ሲሳሳ የተነቀለው ለላም ይሰጣል። በሽልሻሎ ጊዜ የተነቃቀለውም እንዲሁ። ክረምቱ ሲጋመስ የታችኛው ቅጠል እየተገፈፈ ይታሰራል። በመጨረሻም ያ ረጅም አገዳ አለ። ለራያ ገበሬ ማሽላ በአንድ ማሳ የበቀለ የሰውና የከብት ቀለብ ነው።

በልጉ እየራቀና እየከዳ ሲመጣ ግን ረጅሙ ማሽላ ሳያፈራ የሚደርቅባቸው ዓመታት በዙ። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረምም ሥሩን እየጠባ ማሳውን ባዶ ያስቀራል። ምርምሩ የሰጠው መልስ ቶሎ የሚደርስና አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ነበር። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ከተለቀቁት ሁለት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ፣ ሌላው አብሽር ይባላሉ። የዘሩ ምንጭ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመሩት ምርምር ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ እህል በሚጠፋበት ማሳ ላይ እህል አስገኝቷል። ቁመቱ ግን አጭር ነው። ከክረምቱ መግቢያ ተዘርቶ ቶሎ ስለሚደርስም የሚነቀል ችግኝና የሚገፈፍ ቅጠል እንደ ነባሩ አይሰጥም።

ገበሬው አዲሱን ዘር ሲያመነታ ያየ ባለሙያ ሁሉ ወግ አጥባቂነት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። አይደለም። ገበሬው የሚያሰላው ሁለት ሒሳብ ነው፤ በኩንታሉ የሚያገኘውንና በአገዳው የሚያጣውን። ላሙ የምትወልደው በሁለተኛው ሒሳብ ነው። አሁን አሁን ሲሪንቃ ያለውን የግብርና ምርምር ማዕከል ጨምሮ የማሽላ ተመራማሪዎች ከፍሬው ጋር አገዳውንም መመዘን ጀምረዋል። ይህ ከዓመታት በፊት ሊሆን ይገባው ነበር።

«ለራያ ገበሬ ማሽላ በአንድ ማሳ የበቀለ የሰውና የከብት ቀለብ ነው።»

ማን ቀድሞ ይሸጣል

የከብት ገበያ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ ማየት ስለ ዓመቱ ብዙ ይናገራል። ሰንጋና ወይፈን በብዛት ከወጣ ዓመቱ ደህና ነው፤ ሰው የደለበውን ሸጦ ማዳበሪያና ልብስ ሊገዛ ነው። ጊደሮች መውጣት ከጀመሩ መኖ አጥሯል። የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ከወጣች ቤቱ ተቸግሯል። ጥንድ የእርሻ በሬ ለሥጋ ዋጋ ሲቀርብ ግን ነገሩ ያበቃለት ነው፤ ያ ሰው የከርሞ እርሻውን እየሸጠ ነው። ደላሎቹ ይህን ቅደም ተከተል ከማንም የትንበያ ቢሮ ቀድመው ያነቡታል።

ከሁሉ ዝም ተብሎ የሚታለፈው የጊደሯ ሽያጭ ነው። በሬ የሸጠ ሰው ያዝናል፣ ጎረቤትም ያዝንለታል። ጊደር የሸጠ ግን አስተዋይ ይባላል፤ ገና አልወለደችም፣ አትታለብም፣ አገዳ ትበላለች። የሸጠው ግን ጊደሯን ብቻ ሳይሆን ከእሷ ይመጣ የነበረውን ሁሉ ነው።

ይህ የድሃ ሀገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በጥር የሀገሪቱን የከብት ብዛትና ባለፈው ዓመት የተወለዱትን ጥጆች ጎን ለጎን ያትማል። በ2025 እ.ኤ.አ. መግቢያ የቆመው ከብት 87 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከ1951 እ.ኤ.አ. ወዲህ እስከዚያ ጊዜ ከታየው ዝቅተኛው ነበር። ከምክንያቶቹ ዋናው ድርቅ ነው። ሣር ያጡት ከብት አርቢዎች ለመተኪያ የሚሆኑትን ጊደሮች ሳይቀር ወደ ቄራ ላኩ። ዝናቡ ሲመለስ መንጋው አልተመለሰም፤ የሚወልድ የለማ! ሆኖም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 33 ሚሊዮን ተኩል ያህል ጥጃ ተወልዷል፤ ይህም ከአሥር ላም ወደ ዘጠኝ ጥጃ ይጠጋል። በሁለት ዓመት አንዴ በምትወልደው በእኛ ላም ሒሳብ ከአሥር ላም በዓመት የሚገኘው አምስት ነው። ከቁጥር ይልቅ መወለድን መጠየቅ ለምን እንደሚሻል ይህ ልዩነት ብቻውን ያሳያል።

ቁስሉ የሚታየው ዘግይቶ ነው

ድርቅ ሲመጣ የምናየው የሞተውን ከብት ነው፤ ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው። ራያና ቆቦ ይህን ሥዕል ከማንም በላይ ያውቁታል። በ1965 ዓ.ም. ከቆላው የተሰደደው ሰው በዚሁ አስፋልት ዳር ነው የወደቀው። በ1977 የዓለም ካሜራ ወደ ኮረም ሲዞር፣ ከኮረም በታች ያለው ሜዳ በረቱ ባዶ ሆኖ ነበር። በ2008 የኤልኒኞው ድርቅ እንደገና ደረሰ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሞተው ጎን ያልተፀነሰው አለ። የመስከረሙ ድራት ካመለጠ በሚቀጥለው ሐምሌ ጥጃ የለም፤ ጥጃ ካልነበረ ከአራት ዓመት በኋላ የምትወልድ ጊደር የለችም።

ቅርቡን እናስብ። በጥቅምት 2013 የበረሃ አንበጣ መንጋ የራያ ቆቦን ማሽላና ጤፍ ከነቅጠሉ አወደመ፤ ያ ጊዜ ላሞች ኮርማ የሚፈልጉበት ነው። ዘጠኝ ወር ያህል ቆይቶ፣ በሐምሌ 2013፣ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014ም ቆየ። በነሐሴ 2014 ውጊያው ዳግም የተቀሰቀሰው በዚሁ አካባቢ ነው። ከብት ታረደ፣ ተነዳ፣ ያለ እረኛ ቀረ፤ የእንስሳት ክሊኒኮች መድኃኒትና ዕቃ አጡ። ከዚያም ወዲህ አካባቢው የግጭት ስጋት አልተለየውም። በ2014 ክረምት መወለድ ሲገባት ያልተወለደች ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን ታመጣ የነበረው በ2018 ነው። የወተቱ፣ የቂቤውና የበሬው ዋጋ ለምን አልቀመስ አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመልሱ አንዱን እዚህ ያገኘዋል።

ሀገራችን ይህን በትልቁ አይታዋለች። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል ከጣልያን ጦር ከብት ጋር የገባው የደስታ በሽታ መንጋውን ጨረሰው። በሬ ጠፍቶ መሬት ጦም አደረ፤ ዘመኑ «ክፉ ቀን» ተባለ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ አርአያ ሆነዋል። ያ በሽታ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ዛሬ ከምድረ ገጽ ጠፍቷል፤ ዓለም ነፃ መሆኗ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዞብል ማዶ፣ በአፋር፣ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እንዲጠፋ ካደረጉት መካከል ከአፋሮቹ ከራሳቸው ተመርጠው የሠለጠኑ ከታቢዎች ይገኙበታል። መኪና የማይገባበት ቦታ የከብቱ ባለቤት ገባ። ይህን ልብ ይሏል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

አዲስ ቤት የገባን ሰው «እምቦሳ እሰሩ» ብለን የምንመርቅ ሕዝብ ነን። እምቦሳው የሚታሰርበት ጥግ ግን በብዙ ቤት እርጥብ፣ ጨለማና ጭቃ ነው። ጥጃ የሚሞተው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ የሚገድለውም የታወቀ ነገር ነው። እንገሩን በጊዜ አለመጥባት፣ የቆሸሸ እትብት፣ ብርድ፣ መዥገር፣ የወተት ማነስ። እንገር ለሰው ጣፋጭ ነው፤ ተፈልቶ ይበላል። ለጥጃው ግን በሽታ የሚከላከልበት ብቸኛ መሣሪያው ነው፤ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ጠግቦ ካልጠባው በኋላ ቢሰጠውም አንጀቱ እንደ መጀመሪያው አይቀበለውም።

በዚህ ሥራ ላይ ያለችው ሴቷ ናት። የምታልበው፣ ጥጃውን የምታጠባው፣ ጋጡን የምትጠርገው፣ ቂቤውን አውጥታ የምትሸጠው እሷ ናት። ለሕፃኑና ለጥጃው ያንኑ አንድ ሊትር ማካፈል የየማታ ውሳኔዋ ነው። ጥጃው ከሞተ ብዙ ላሞች ወተት አይለቁም፤ ቆዳውን ጭድ ሞልተው እናቱ ፊት የሚያቆሙትም ለዚህ ነው። የእንስሳት ሥልጠና ሲጠራ ግን ወንበሩ ላይ በብዛት የሚቀመጠው ባል ነው። ይህ ስሕተት ጥጃ ያስከፍላል።

መንግሥት በኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋትን ሲያስጀምር ወተትን ከዋና ግቦቹ አንዱ አድርጎታል፤ ዝርያ ማሻሻልም አብሮ ይነሳል። ለዚህ ግን አዳቃይ ባለሙያው ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፈሳሽ ናይትሮጅን የተቀመጠ የኮርማ አባለ ዘር ይዞ መምጣት አለበት፤ ናይትሮጅኑ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። ላሟ ድራት ላይ የምትቆየው ከአንድ ቀን በታች ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ዕድሉ ያልፋል። ከአንዳንድ ገበሬዎች የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው፤ ድቅሏ ብትወለድ ምን ትበላለች? ጥያቄው ትክክል ነው። ፉርሽካ በማይገኝበት ቤት የገባች የሆልስታይን ድቅል ከራያዋ ላም ቀድማ ትከሳለች። እኔ የማምነው ለጎብዬ ቅደም ተከተሉ መኖ፣ ጥጃ፣ ከዚያ ዝርያ መሆን እንዳለበት ነው። በመስኖው ቦይ ዳር ዝሆኔ ሣር፣ በግቢው አጥር ሉኪኒያና ሰስፓኒያ መትከል፣ አገዳውን ቆራርጦ ማቅረብ፣ ጭዱን በዩሪያ ማከም የሚታወቁና የተሞከሩ ነገሮች ናቸው። የራያው ኮርማም ከራሱ መንደር ተመርጦ ሊቆይ ይችላል፤ ዛሬ ጥሩው ኮርማ ቀድሞ ይኮላሻል ወይም ይሸጣል፤ የሚያስረግዘው የተረፈው ነው።

የስታቲስቲክስ ጥናቱ ገበሬውን ስለ ልደትና ስለ ሞትም ይጠይቃል፤ መልሱም በሠንጠረዡ ውስጥ አለ። በየስብሰባው ሲነገር የማንሰማው እሱን ነው። የራያ ቆቦ ወረዳ የግብርና ባለሙያዎችና የጎብዬ የቀበሌ ሠራተኞች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የዘንድሮው የከብት ሪፖርት ላይ፣ ከጠቅላላው ቁጥር በፊት፣ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ከቀበሌው ላሞች ስንቱ ወለደ፣ ካቻምና ከተወለዱት ጥጆች ስንቱ ዓመቱን ጨረሰ። ስትጠይቁም ሴቶቹን ጠይቁ።